የኦቾሎው ወፍጮ ድምፅ

ጉታ የሞተርን በሽታ የሚለየው በጆሮው ነበር። «ነበር» ያልሁት ሰውየው ሞቶ አይደለም፤ ጆሮው ነው ቀድሞት የሄደው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ከጨንቻ እስከ ምዕራብ ዓባያ ባሉ ወፍጮ ቤቶች እየዞረ፣ ጆሮው ሥር የሚያጓሩ የናፍጣ ሞተሮችን ሲያስተካክል ኖሯል። አሁን ሰባ ዓመቱ ነው። ሲያወሩት ከንፈር ያያል። ከኋላው ሆነው ቢጠሩት አይዞርም፤ ትከሻውን መንካት ያስፈልጋል።

አባቱ ጨንቻ ላይ ሸማኔ ነበሩ። እሱም ከአባቱ አጠገብ ድውር እያጠነጠነ ነው ያደገው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ወደ ከተማዋ የወፍጮ ሞተር መጣ ሲባል ሊያይ ሄዶ በዚያው ቀረ። «አባቴ ሦስት ቀን ፈለገኝ» ይላል። «በአራተኛው ቀን ሲያገኘኝ ዘይት በዘይት ሆኛለሁ። መታኝ። ከመታኝ በኋላ ግን እሱም ቆሞ ያይ ጀመር።»

ዘንድሮ በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ቤቴ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና፣ «መምህር፣ መነጽርህን ይዘህ ተነስ፤ ገበያ እንወጣለን» አለኝ። ዕቃ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ደቃቅ ስለሆኑ አያያቸውም። የእሱ እጅና የእኔ ዓይን ሲደመሩ አንድ ጤነኛ ሰው አይወጣቸውም፤ ግን ሥራ ይሠራሉ።

ነገሩ የእትዬ አገርነሽ ሞተር ነው። እትዬ አገርነሽ ኦቾሎ ላይ፣ ዓባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው ሸንተረር፣ ከባላቸው ከአቶ እንድሪያስ ጋር ወፍጮ ቤት አቁመው የኖሩ ሴት ናቸው። ሞተሩ የእንግሊዝ ሥሪት ነው፤ ባለ አንድ ፒስተን፣ በግራና በቀኙ እስከ ወገብ የሚደርስ የብረት መንኮራኩር ያለው። በ1972 ዓ.ም. እስከ ላንቴ በጭነት መኪና መጣ። ከላንቴ ወዲያ ዳገቱን የሚወጣ መንገድ አልነበረም። ጉታ ፈታታው፤ አርባ የሚሆን ሰው በወፍራም እንጨት እያንጠለጠለ፣ እየዘፈነና እየተሰዳደበ፣ በሁለት ቀን ሸንተረሩ ላይ አወጣው። ጉታ መልሶ ገጠመው። የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ አቶ እንድሪያስ ግንባሩ ላይ ነሰነሱለት፤ ያንን እስከ ዛሬ ያወራል።

መብራት ሲገባ አቶ እንድሪያስ ወፍጮውን ወደ ኤሌክትሪክ አዞሩት። አሮጌው ሞተር ጥግ ላይ የዶሮ መስፈሪያ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት አቶ እንድሪያስ ዐረፉ። ኅዳር ላይ ደግሞ የመንደሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ፤ ዛሬ ነገ ይቀየራል ሲባል መጋቢት ገባ። ሰዉ እህሉን ተሸክሞ ላንቴ ወዳለው ወፍጮ ይወርዳል፣ ዱቄቱን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። የእትዬ አገርነሽ ቤት በር ላይ ሣር በቀለ።

ልጃቸው ብሩክታዊት አርባ ምንጭ ባለ ትዳር ናት። «እማ፣ ዝጊውና እኔ ጋ ነዪ» ስትል ከረመች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የእናቷ ጉልበት ነው የሚያሳስባት። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ነጋዴ አገኘች። ሰውየው መጋቢት 28፣ እሑድ፣ መኪና ይዞ ወጥቶ ሞተሩን ሊጭን ተስማሙ። ሞተሩ ከተጫነ እትዬ አገርነሽም ይከተሉታል፤ እዚያ ምን ይቀራቸዋል? ጉታ በስልክ ስለማይሰማ የደወሉት ለእኔ ነው፤ እሱ ከንፈሬን እያየ ቃል በቃል ደገምሁለት። «እሑድ ሳይደርስ ቢነሳና ሰው ቢመጣልኝ ቤቴ እቀራለሁ። ካልሆነ የልጄ ሳሎን ጥግ ተቀምጬ ቴሌቪዥን ሳይ እሞታለሁ በለው።»

ጉታ፣ «ፋሻው ነው» አለ። የፒስተኑን ቀለበቶች ማለቱ ነው። ሰው ስለ ሞት ሲያወራው ስለ ፋሻ የሚመልስ ሰው ነው፤ ለብዙ ዓመት ይህን እንደ ድንቁርና እቆጥርበት ነበር።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ወዳለው ወደ ሙከሚል የመለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ሱቁን ያቋቋሙት አባቱ ሐጂ ጀይሉ ናቸው፤ ጉታ ከሳቸው ዕቃ ሲገዛ ሙከሚል ገና አልተወለደም።

«ጋሽ ጉታ!» አለ ሙከሚል ገና ከሩቅ ሲያየን። «ዛሬ ደግሞ ከየትኛው መቃብር ምን ቆፍረህ መጣህ?»

ጉታ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ፈታው። ውስጡ፣ ቀድሞ ብቻውን ኦቾሎ ወጥቶ ከሞተሩ የፈታው፣ ሁለት ቦታ የተሰበረ ፋሻ ነበር። ከፋሻው ጋር፣ የሞተሩ ሰሌዳ ላይ ወረቀት አድርጎ በከሰል ፈትጎ ያወጣውን ቁጥር ሰጠኝና አነበብሁ።

ሙከሚል የፋሻውን ስባሪ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አደረገው። «ወላሂ ይሄ በዕድሜ ይበልጠኛል። ቁጭ ብዬ ልቀበለው አይገባም» አለና ከወንበሩ ተነሳ።

«ቀልዱን ተወውና አለህ?»

«እኔ ጋ የለም። መርካቶ ግን ይገኛል። የህንድ ነው የሚሆነው።»

«የህንድ ይሁን፤ ልኩ ይሁን እንጂ ፓስፖርት አልጠይቀውም።»

ሙከሚል ደውሎ አዘዘ። ፋሻውና የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለት በፒስተኑ ቤትና በክዳኑ መካከል የሚገባው፣ በአውቶቡስ እንዲላክ ተባለ። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ እዚያው ተገኘ። ቀጥሎ ጉታ የክብሪት ቀፎ አወጣ። ውስጡ ጥፍር የምታክል የቀለም ቅርፊት አለች፤ ከናፍጣ ጋኑ ጀርባ፣ ፀሐይ ካልነካው ቦታ በቢላ ያነሳት ናት። ጥቁር ወደ መሆን የተጠጋ አረንጓዴ።

የሙከሚል ሚስት ኸይሪያ ቅርፊቷን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። «ጋሽ ጉታ፣ ይሄ ዓይነት አይመጣም። ያለው የበር አረንጓዴ ነው። ጥቁር ጠብ እናድርግበት?»

«አድርጊበት።»

ጣሳውን ከፍታ በእንጨት ታማስል ጀመር። ጉታ እላዩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ጨምሪ… ትንሽ… ጨምሪ… ኧረ በቃ! በቃ! አጠቆርሽው!»

«ምነው ጋሼ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትድረው?»

«ያልተቀባ ሞተር ቆራሌ ይጠራል» አላት ጉታ፣ ሳይስቅ። «የተቀባውን ግን ሰው ደፍሮ ቁርጥራጭ አይለውም።»

ለዝገቱ አንቲሩጅን፣ ለማቅጠኛ አኳራጅ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ሁለት ብሩሽ ጨመርን። ልንወጣ ስንል ነው ሙከሚል የጠየቀው፤ ባይጠይቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

«ማርሚታስ? የጢስ መውጫው ደህና ነው? አዲስ አለኝ፤ ድምፁን አፍኖ ሞተሩን ድመት ያስመስልልሃል።»

ጉታ ቆመ። እዚህ ላይ ስለ አቶ እንድሪያስ ቆርቆሮ መናገር አለብኝ። አቶ እንድሪያስ ሞተሩ በተተከለ በዓመቱ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው፣ በምስማር በስተው፣ በጢስ መውጫው ቱቦ ጫፍ ላይ ገጠሙበት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሲነሳ «ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ» እያለ በገደሉ ማዶ ላሉ መንደሮች ይሰማ ነበር። ጉታ ያንን ቆርቆሮ እንደ ስድብ ነበር የሚያየው። ሊጠግን በወጣ ቁጥር ያወልቀዋል፤ እሱ ሲወርድ አቶ እንድሪያስ መልሰው ያደርጉታል። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ ተጣልተው ኖረዋል። «ሞተር ይሠራል እንጂ አያፏጭም» ይላል ጉታ። «ጩኸት ማለት አንድ ቦታ ላይ ያልተስተካከለ ነገር አለ ማለት ነው።»

ስለዚህ ማርሚታውን ገዛ። ሲወጣ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር።

ማክሰኞ ፋሻው መጣ፤ ረቡዕ በዶቅዶቄ ኦቾሎ ወጣን። እትዬ አገርነሽ ዶሮዎቹን ከሞተሩ ላይ አባርረው፣ ወለሉን ጠርገው ጠበቁን። ጉታ ሁለት ቀን ተንበርክኮ ሠራ። በፊት በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ነገር ነው። አንድ ቡሎን ፈትቶ ያርፋል፤ ሌላ ፈትቶ ግድግዳ ይደገፋል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ዝገት አሸሁ፤ ጣቶቼ እስከ አሁን ያስታውሱታል። ድካም ራሱ አያስከፋም። የሚያስከፋው ትናንት ቀላል የነበረውን ነገር ዛሬ እጅ ሲረሳው ማየት ነው። ጉታ ግን አላማረረም። «እሱም አርጅቷል» አለኝ ሞተሩን እያሳየኝ፤ «እኩያ ከእኩያ ይተዋወቃል።»

ፋሻው ገባ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ቀለሙ ሁለት ጊዜ ተቀባ። እትዬ አገርነሽ ፎሰሴ፣ የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉን፣ በሽፈራው ቅጠልና በዳጣ አቀረቡልን፤ ጾም ስለሆነ ቅቤ የለውም። ሲበሉ ዓይናቸው ከሞተሩ አይነቀልም። «እንደ መጣ ቀን ሆነ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ቆርቆሮውስ?»

ጉታ ከንፈራቸውን አይቶ ሳቀ። «እሱን እንድሪያስ ይዞት ይሂድ።»

ሴትዮዋ የተበላበትን ገበታ አነሱ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ የማስነሻውን ዘንግ ሁለታችን ያዝን። ወጣት እንጥራ ብል ጉታ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የትንፋሽ መክፈቻውን አንስቶ፣ «አዙር!» አለ፤ አዞርን፤ መንኮራኩሩ ከበደ፣ ቀለለ፣ ሲፈጥን መክፈቻውን ጣለው። ጸጥ። ሁለተኛም ጸጥ። በሦስተኛው ውስጡ አንድ ነገር ሳል አለ፤ ቱቦው ጥቁር ጢስ ተፋና ሞተሩ ሄደ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ጉታ መዳፉን ክዳኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። አሁን የሚሰማው በመዳፉ ነው።

እውነት ነው፣ እንደ ድመት ነበር። ከጎኑ ቆመን ሳንጮህ አወራን፤ እኔም እንደ ትልቅ ነገር አደነቅሁ። እትዬ አገርነሽ በረዥሙ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት፤ ፊታቸው ላይ ግን አንድ ነገር ቀረ። ደስታ ያስደነግጣል ብዬ አለፍሁት።

ዓርብ ጠዋት ሞተሩ ተነሳ። በሩ ተከፈተ። ሰው አልመጣም። ጎረቤታቸው አንድ ቁና ገብስ አስፈጭታ ሄደች። ረፋድ ሆነ፣ ቀትር ሆነ። ሞተሩ ባዶውን እየዞረ ናፍጣ ይጠጣል። ጉታ ቺንጋውን ያያል፣ ዘይቱን ያያል፣ የሌለ ጥፋት ይፈልጋል። ማታ አጥፍቶት ሲቀመጥ፣ «ሰዉ መብራት ለምዷል፤ አሮጌ ነገር አይፈልግም» አለ። ይህን ሲል ስለ ሞተሩ ብቻ አልነበረም። የማጽናኛ ቃል ፈለግሁ፤ በዚህ ዕድሜ ግን ለሌላው የምትሰጠው ማጽናኛ መጀመሪያ አንተን ማሳመን አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አስነሳነው። እሑድ ነገ ነው። እትዬ አገርነሽ ልብሳቸውን በከረጢት ማጠፍ ጀምረው ነበር። ጉታና እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ከሥር ያለውን መንገድ እናያለን። ሰው ይወርዳል፤ እህል አዝሎ፣ ወደ ላንቴ። አንዲት ሴት ከባድ ጆንያ ተሸክማ እኛ ሥር ስትደርስ ለማረፍ ቆመች። ልክነሽ ትባላለች፤ ከማዶ መንደር ናት። ደጁ ላይ ዱቄት አየች፣ ሞተሩን አየች።

«ውይ! ይሄ ነገር ይሠራል እንዴ?»

«ከትናንት ጀምሮ» አልኋት።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» ጆንያዋን አውርዳ ተቆጣችን። «ቀኑን ሙሉ ጆሯችንን አቁመን! ሞተሩ እየተበጀ ነው ብለውን ነበር፤ አልጮኸም፣ አልሆነላቸውም ብለን ነው እኮ የምንወርደው። ጀርባዬን ቆረጣችሁት!»

ጉታ፣ «ምን ትላለች?» አለኝ። ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ቀስ ብዬ ነገርሁት። ከንፈሬን አየ። ደግሞ እንድናገር በእጁ ጠቆመኝ፤ ደገምሁት።

ለረዥም ጊዜ ሞተሩን አየው። ከዚያ ዞሮ እትዬ አገርነሽን አያቸው፤ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አትነግሪኝም?»

«ሁለት ቀን ተንበርክከህልኝ?» አሉት። «በምን አፌ?»

እንደዚህ ነው የእኛ ነገር። ሴትዮዋ ቤታቸውን ሊያጡ ነው፤ የሰው ድካም ከማጣጣል ግን ማጣቱ ቀለላቸው። ጉታ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ጩኸት ጉድለት ነው ብሎ አምኗል፤ ሌላው ሰው ያንን ጩኸት በምን ተርጉሞት እንደሚኖር ጠይቆ አያውቅም። አቶ እንድሪያስ የሞተር ነገር አልገባቸውም ነበር። የገባቸው፣ ገደል ማዶ ያለች ሴት ጆንያዋን ከማንሳቷ በፊት ምን መስማት እንደምትፈልግ ነው።

«ቆርቆሮው የት ነው?» አለ ጉታ እየተነሳ።

ለነጋዴው በተከመረው ብረት ውስጥ ፈለግን፤ የለም። ከሞተሩ ጀርባ፣ ከጣራው ሥር፣ የለም። እትዬ አገርነሽ ናቸው ያስታወሱት፤ ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበት ነበር። ጓሮ ጭድ ውስጥ ተገኘ፤ ዶሮዋም ላዩ ላይ። ስትነሳ ጉታን ነከሰችው። «እንድሪያስ ነው የላከሽ!» አላት፤ ከሐሙስ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው። እንቁላሏን እትዬ አገርነሽ ለፋሲካ አስቀመጧት።

ጉታ ማርሚታውን ፈታ፤ አሮጌውን ቱቦ መለሰ፤ ቆርቆሮውን አጠለቀበት። ሞተሩ ሲነሳ እኔ ጆሮዬን ያዝሁ። ጩኸት ነው፤ ግን ልክነሽ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ አይደለም። ይሄ የሌላ ሰው ወፍጮ ነው።»

ድምፁን ማስተካከል ነበረበት፤ እሱ ደግሞ አይሰማም። እትዬ አገርነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ጉታ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ ቆርቆሮውን በጥቂቱ ያዞራል፤ እሳቸው በእጃቸው ያሳዩታል፦ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ መልሰው። እሱ እጃቸውን ብቻ ነው የሚያየው። አንዴ ሲያዞረው የእትዬ አገርነሽ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ።» የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ጉታ ማንንም ሳይጠይቅ ሽቦውን አጠበቀው።

ከሥር መንገዱ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ከፊቷ የነበረችውን ጠራቻት። ዞሩ። ከቀትር በኋላ ሰልፉ ከደጃፉ አልፎ እስከ ዋርካው ደረሰ። ቀድመው የተሳደቡት ቀድመው ተሰለፉ፤ ልክነሽ የሁሉ ፊት ነበረች። ሲመሽ ሁለት ቀን የለፋንበት አረንጓዴ ቀለም አይታይም፤ ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ዱቄት ለብሷል።

ብሩክታዊት ስለ ነገው መኪና ልትነግራቸው ስትደውል እትዬ አገርነሽ ስልኩን ወደ ሞተሩ አዙረው ያዙት። ከዚያ ጆሯቸው ላይ ሲመልሱት የልጅቱ ድምፅ እኔም ጋ ደረሰ፤ «እማ… የአባዬ ቆርቆሮ ነው?»

«እሱ ነው።»

ልጅቱ፣ «ለሰውየው ልደውልለት» አለች። «አይምጣ እለዋለሁ።» የታጠፈው ልብስ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

ትራንስፎርመሩ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ያኔ ሞተሩ እንደገና የዶሮ ቤት ይሆናል። ይህን ለጉታ አልሁት። «ፋሻው አምስት ዓመት ይሄዳል» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእግራችን ወረድን። ማርሚታውን ለሙከሚል ሊመልስ ትከሻው ላይ ተሸክሞታል፤ በየመታጠፊያው እየቆመ ጉልበቱን ይይዛል። ቅዳሜ ገበያ ውለው ያልደረሳቸው የማዶ ሰዎች እህላቸውን ለማስፈጨት ስለጠየቁ ካህኑ ፈቅደው ሞተሩ ያን ዕለትም ተነስቶ ነበር። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጉታ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል።»

ሁለተኛው ላይ፣ «አሁንስ?»

«ይሰማል።»

ቁልቁለቱ ሊያልቅ፣ የላንቴ ሙዝ መታየት ሲጀምር፣ ደግሞ ቆመ። ከንፈሬን አየ። ልዋሽለት አሰብሁ፤ ግን እንደዚህ ያለ ሰው ውሸትን ከከንፈር ያነባል።

«አሁን የለም።»

ወደ ኋላ ዞሮ ሸንተረሩን አየ፤ ማርሚታውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ላንቴ ይፍጭ» አለና ወረደ።